ወረፋው የት ነው የቆመው?

(ባለፈው ቅዳሜ ለተወሰኑ የኔትወርክ ልጆች ያወራሁት ነው። አንዱ በስልኩ ቀድቶኝ ስለነበር ቁጭ ብዬ ወደ ጽሑፍ ገለበጥኩት፣ ያሳልኩበትንና ፕሮጀክተሩ የጠፋብንን ሰዓት አውጥቻለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው።)

እሺ፣ ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

ከአንድ ኢሜይል ልጀምር። ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት ሶማሌ ክልል ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት የመስክ ቢሮ አይቲ ነበርኩ። አይቲ ስላችሁ ጄኔሬተሩም ፕሪንተሩም የውሃ ማፍያው ገመድም እኔን ነው የሚመለከተው። ግቢው ውስጥ 1.8 ሜትር ዲሽ ቆሟል፣ ከሱ ሞደም፣ ከሞደሙ ራውተር፣ ከራውተሩ ሃያ ሁለት ሰው። ፓኬጃችን ዳውንሎድ 512 ኪሎቢት፣ አፕሎድ 128 ኪሎቢት ነበር። አዎ ሳቁ፣ ዛሬ አንድ ቲክቶክ አይከፍትም።

የሎጂስቲክስ ኃላፊዋ የወሩን ሪፖርት ከመጋዘን ፎቶ ጋር አያይዛ ሰኞ ጠዋት ላከች፣ 18 ሜጋባይት። ረቡዕ ከሰዓት ዋናው መስሪያ ቤት ደውሎ ሪፖርቱ የታለ አለ። እሷ ደግሞ ልኬያለሁ፣ ሰንት ውስጥ ይታያል ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ከእሷ ኮምፒውተር ወጥቷል። ቢሮ ውስጥ ያለችው ትንሽ የሜይል ሰርቨራችን ላይ ነው የተቀመጠው። ገብቼ ሎጉን ሳየው ምን አገኘሁ መሰላችሁ፣ ኢሜይሉ ይጀምራል፣ ሰማንያ ፐርሰንት አካባቢ ሲደርስ ይቋረጣል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት የጀመረ ይሄው ረቡዕ ድረስ።

ሂሳቡን በእስክሪብቶ ስሰራው አፈርኩ። ኢሜይል አታችመንቱን ወደ ተራ ፊደል ቀይሮ ስለሚልከው በሲሶ ያብጣል፣ 18ቱ 24 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። 24 ሜጋባይት በ128 ኪሎቢት፣ ሌላ ማንም ሳይነካው ብቻውን ቢሄድ እንኳ 25 ደቂቃ ነው። ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር ደግሞ 20 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ ይሄ ኢሜይል መቼም አይደርስም ነበር! ሦስት ቀን ሙሉ አፕሎዳችንን የበላው መድረስ የማይችል ነገር ነው፣ ከኋላው 140 ኢሜይል ተሰልፎ፣ አብዛኛው "ደርሶኛል አመሰግናለሁ" የሚል ሁለት መስመር።

አለቃዬ በቃ ባንድዊድዝ፣ የመስመሩን ስፋት ማለት ነው፣ እንጨምር አለ። ጨመርን፣ አፕሎዱ 256 ሆነ፣ በዶላር። ሁለት ሳምንት ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት ሰዉ 30 ሜጋባይት መላክ ጀመረ።

ከዛን ጊዜ ጀምሮ ሳተላይት ኔትወርክ ዘገየ የሚል ሰው ሲደውልልኝ ስፒድህ ስንት ነው ብዬ አልጠይቅም፣ ወረፋው የት ነው የቆመው ነው የምለው። ዛሬ የማወራውም ይሄንኑ ነው፣ ባንድዊድዝ መግዛት የፋይናንስ ስራ ነው፣ የእኛ ስራ ወረፋው ነው።

መጀመሪያ ርቀቱን እንይ፣ ቶሎ ነው የማልፈው። የድሮዎቹ ትልልቅ የቴሌኮም ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ነው ያሉት፣ ከመሬት እኩል ስለሚዞሩ ዲሹ አንዴ ከተቃኘ አይነካም። ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ መልሱ በዛው መንገድ ሲመጣ ሌላ ሩብ፣ በመሃል የሞደሙና የሃቡ፣ ማለትም መሬት ላይ ሆኖ ዲሾቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋና ጣቢያ፣ ስራ ሲጨመር ፒንጉ፣ አንድ ትንሽ መልዕክት ደርሶ መልስ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው፣ 600 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ይሄንን በገንዘብም በጉልበትም አትቀንሱትም። ልትቀንሱ የምትችሉት ከ600 በላይ ያለውን ነው፣ እሱ ነው ወረፋ። ፒንግ አድርጋችሁ 4,000 ካያችሁ 600ው ሰማዩ ነው፣ 3,400ው የሆነ ቦታ የቆመ ሰልፍ ነው።

አሁን መጋራቱ። አንድ የሳተላይት ቻነል ላይ መቶ ዲሽ ሊኖር ይችላል፣ ሁሉም ወደ ላይ መናገር ይፈልጋል፣ ግን አንዱ ዲሽ ሌላውን ዲሽ አይሰማውም፣ ሁሉም ቀጥታ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። ስለዚህ ማን መቼ ይናገር የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በጣም ቀላሉ መልስ ከሃዋይ ነው የመጣው፣ በፈረንጆቹ 1971 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰን እና ባልደረቦቹ ደሴቶቹን በሬዲዮ ሲያገናኙ አሎሃ የሚባል ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ፣ ያለህን ዝም ብለህ ላክ፣ ከሌላ ሰው ጋር ከተጋጨብህ ትንሽ ቆይተህ ድገም። ያምራል አይደል? ችግሩ ሂሳቡ ነው፣ በዚህ ዘዴ ከቻነሉ ቢበዛ 18 ፐርሰንቱ ብቻ ነው ጥቅም ላይ የሚውለው፣ ሰዓት ከፋፍለህ ሁሉም በሰዓቱ መጀመሪያ ላይ ብቻ ይላክ ብትል 37 ድረስ ይደርሳል። ከዛ በላይ ሰው ሲጨመር ድግግሞሹ ራሱ ቻነሉን ይሞላዋል፣ ሁሉም ይጮሃል ማንም አይሰማም፣ የኮንዶሚኒየም ስብሰባ የገባ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው መልስ ፈረቃ ነው። የውሃ ፈረቃ፣ የመብራት ፈረቃ እንደምንለው፣ ሃቡ ጊዜውን በጣም ትንንሽ አድርጎ ይቆራርጥና አንተ እዚህ ጋ፣ አንቺ እዚህ ጋ ይላል። ቲዲኤምኤ የሚባለው ይሄው ነው። ግን ለሁሉም እኩል ፈረቃ ከሰጠህ ማታ ሰው የሌለበት ቢሮ ፈረቃው ባዶውን ያልፋል፣ ስለዚህ አሁን ያሉት ሲስተሞች በጥያቄ ነው የሚሰሩት፣ ዲሹ ይሄን ያህል አለኝ ቦታ ስጠኝ ብሎ ይጠይቃል፣ ሃቡ ይመድባል። ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ አለፈ፣ ገና አንድ ባይት ሳትልክ። ለዚህ ነው ዝም ብሎ የቆየ ኮኔክሽን ላይ የመጀመሪያዋ ክሊክ የምትከብደው። ሲአይአር ብላችሁ የምትከፍሉበት ነገር ደግሞ ሳልጠይቅ ሁሌም የምትመደብልኝ ፈረቃ ማለት ነው። ውድ ነው፣ ለድምፅ ጥሪ ግን ከእሱ የተሻለ የለም።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። "እስከ 10 ሜጋቢት" ሲሏችሁ "እስከ" የሚለው ቃል ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቁ። አንድ ለአስር ነው? አንድ ለሃምሳ? መጋራት ጥፋት የለበትም፣ ሁሉም እኩል ሰዓት ላይ አይጠቀምም ብለህ ነው የምትጋራው፣ ሰርግ ቤት ድስት የሚዋዋሱ ጎረቤቶች እንደሚያደርጉት። ችግሩ ሁሉም ሰርግ ጥር ላይ ሲሆን ነው፣ በእኛ ቋንቋ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሃያ ሁለት ላፕቶፕ እኩል ተከፍቶ ሃያ ሁለቱም ዊንዶውስ አፕዴት ሲጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ገባሁ፣ ቲሲፒ፣ ኮምፒውተሮች ዳታ ሳይጎድል እንዲደርስ የሚላላኩበት ደንብ። ኢንተርኔት ላይ ላኪው መንገዱ መጣበቡን የሚያውቀው ፓኬት፣ ማለትም ከሚልከው ዳታ አንዱ ቁራጭ፣ ሲጠፋበት ነው፣ ሲጠፋበት ቀስ ይላል። ይሄ ሁሌም አልነበረም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ላውረንስ በርክሌይ ላብ እና በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል፣ በእግር የሚኬድ 400 ያርድ ርቀት ነው፣ ኮኔክሽኑ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ኪሎ የለውም፣ 40 ቢት! ሁሉም የጠፋበትን እየደገመ ሲልክ መስመሩ በድግግሞሽ ታነቀ፣ ልክ እንደ እኔ ኢሜይል። ቫን ጃኮብሰን የሚባል ሰው ከዛ ተነስቶ በ1988 ዛሬ ሁላችንም ስልክ ውስጥ ያለውን ቀስ ብሎ መጀመር፣ ሲጠፋ መቀነስ የሚለውን ዘዴ ጻፈ።

መሬት ላይ ጥሩ ይሰራል። ሳተላይት ላይ ግን ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው፣ የድሮው ቲሲፒ መልስ ሳይጠብቅ መላክ የሚችለው 64 ኪሎባይት ብቻ ነበር። 64 ኪሎባይት ልከህ 600 ሚሊሰከንድ ትጠብቃለህ፣ ሲሰላ ወደ 870 ኪሎቢት ነው። 10 ሜጋቢት ብትገዛም አንድ ዳውንሎድ ከ870 አያልፍም። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ከፕሮቫይደሩ ጋር ተጣልቷል መሰላችሁ። ይሄ በአዳዲስ ሲስተሞች ተፈቷል፣ በመሃል ደግሞ ሞደሙ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮክሲ የሚባል ወኪል ፕሮግራም መጣ፣ ከወዲያ ያለው ሰርቨር ሳይመልስ ሞደሙ ራሱ "ደርሷል ቀጥል" ይላል። ውሸት ነው፣ ግን ደግ ውሸት ነው። ቪፒኤን ስትከፍቱ ኢንተርኔቱ የሚሞትባችሁም ለዚህ ነው፣ ፓኬቱ ስለተቆለፈ ፕሮክሲው ሊዋሽላችሁ አልቻለም።

ሁለተኛው ይበልጣል፣ እሱን በደንብ ላስረዳ። ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ሰልፉ ሲረዝም አንዱ ለጓደኞቹ አትምጡ ብሎ ይደውላል፣ ግን መልዕክቱ የሚደርሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው እንበል። በዛ ግማሽ ሰዓት ሰው መምጣቱን ይቀጥላል፣ ሰልፉ እስከ ቡናና ሻይ ድረስ ይሄዳል። ከዛ መልዕክቱ ለሁሉም እኩል ይደርስና ሁሉም እኩል ይቀራል። አሁን ታክሲዎቹ ባዶ ቆመው ወያላው ይጮሃል። ከዛ ባዶ ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ዘግይቶ ይደርስና ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። በአማካይ ስታዩት ታክሲው አልሞላም፣ ሰዉ ግን ተሰልፏል፣ ተናዷል። ሳተላይት ላይም ላኪዎቹ ፓኬት መጥፋቱን ዘግይተው ስለሚሰሙ የሚሆነው ይሄው ነው።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲው ኡልሪክ ሽፓይደል እና ባልደረቦቹ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሃል ያሉ ደሴቶች ላይ ለክተውታል፣ ኩክ ደሴቶች፣ ኒዌ፣ ቱቫሉ። ቱቫሉ አስራ አንድ ሺ ገደማ ሰው ያለበት አገር ነው፣ ያኔ ወደ ውጭ የሚያወጣው 16 ሜጋቢት የሳተላይት መስመር ነበር። ያዩት ነገር በጣም የሚገርም ነው፣ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ወረፋ ሞልቶ ፓኬት ይጥላል፣ በዛው ሰዓት መስመሩ ራሱ በአማካይ ያልተሞላ ክፍት ቦታ አለው። የአገር ኢንተርኔት ተጨናንቋል እየተባለ ባንድዊድዝ ግን ይባክናል ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ሶማሌ ክልል ያየሁት ግራፍ ትዝ አለኝ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ወረድ ወጣ ወረድ የሚል፣ ያኔ ዲሹን ንፋስ እያንቀሳቀሰው መስሎኝ ሁለት ጊዜ ብሎን አጥብቄያለሁ።

ታዲያ ባፈሩን፣ ፓኬቶቹ የሚሰለፉበትን ማቆያ ማለት ነው፣ እናስረዝም፣ ምንም እንዳይጣል ትሉኛላችሁ። እሱም ወጥመድ ነው። 1 ሜጋባይት ባፈር በ256 ኪሎቢት ሲፈስ 32 ሰከንድ ይፈጃል። ማለትም አንድ ሰው ፎቶ ሲያስገባ ከኋላው የመጣች የዲኤንኤስ ጥያቄ፣ የድረገጹን አድራሻ የምትጠይቀው ትንሿ መልዕክት፣ 32 ሰከንድ ትቆማለች፣ ብራውዘሩ እስከዛ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ጥያቄ ይልካል፣ እሷም ከኋላ ትሰለፋለች። አምስት ፕሮግራም መልስ አልመጣም ብሎ የደገመው ነገር ወረፋው ውስጥ አምስት ጊዜ ቆሟል። ወረፋ ወረፋ ይወልዳል። ጂም ጌቲስ በ2010 ገደማ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ ይሄን አይቶ ባፈርብሎት ብሎ ስም ያወጣለት ችግር ነው።

መፍትሔው ቦኖ ውሃ ላይ አለ። ልጅ ሆነን ቦኖ የተሰለፋችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንዷ እናት አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች፣ ከፊቷ ባለጋሪው በአህያ ሃያ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። በመጣ ይቅደም ካልን እሷ ለአንድ ጀሪካን ሃያ ትጠብቃለች። ብልህ የቦኖ ጠባቂ ግን አንድ አንድ እየተቀዳ ይሂድ ይላል፣ እሷ ቀድታ ትሄዳለች፣ ባለጋሪው የዘገየው በአንድ ጀሪካን ብቻ ነው። ፌር ኪው የሚባለው በቃ ይሄ ነው። በ2012 ደግሞ ካትሊን ኒኮልስ እና ያው ቫን ጃኮብሰን ኮድል የሚባል አመጡ፣ ሰልፉ ስንት ሜትር ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ፓኬቱ ስንት ጊዜ ቆመ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ብዙ ከቆሙበት አንዱን ይጥልና ላኪው በጊዜ ይሰማል። ሁለቱ ተጋብተው ኤፍኪው-ኮድል ሆነዋል፣ ሊኑክስ ላይ በነጻ አለ።

ግን እንዳለ አትጫኑት። ያለነካካችሁት ኮድል ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ አይቆም ነው የሚለው፣ ይሄንንም በ100 ሚሊሰከንድ መስኮት ነው የሚያየው። የእናንተ መንገድ 600 ነው፣ መስኮቱን ወደዛ አስፉት። 128 ኪሎቢት ላይ ደግሞ አንድ 1,500 ባይት ፓኬት ራሷ ለመውጣት 94 ሚሊሰከንድ ይፈጅባታል፣ 5 ብላችሁ ከተዋችሁት ሰልፍ የሌለበትን ቦታ ሰልፍ አለ ብሎ ይጥላል። እኔ ይሄን ያወቅኩት አንድ ቀን ሙሉ ቢሮውን ከኢንተርኔት ውጭ አድርጌ ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር፣ ወረፋውን ማስተዳደር የምትችሉት እናንተ ጋ ከቆመ ብቻ ነው። ራውተራችሁ 1 ጊጋቢት ወደ ሞደሙ ይተፋል፣ ሰልፉ ሞደሙ ሆድ ውስጥ ይቆማል፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ማንም አይሰማችሁም። ስለዚህ ሆን ብላችሁ ራውተሩን ከገዛችሁት ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ 90 ምናምን ፐርሰንት ላይ። አሥር ፐርሰንት የጣላችሁ ይመስላል፣ ግን ሰልፉ ወደ እናንተ ግቢ መጣ። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲከብድ ሞደሙ መስመሩ እንዳይቆረጥ ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ በኬዩ ባንድ ይታያል፣ ከሱ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ በሚሰራው ኬኤ ባንድ ይብሳል። ያኔ 90 ያላችሁት ከመስመሩ በላይ ሆነ፣ ሰልፉ ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ገባ። እኔ በመጨረሻ ሞደሙን በየደቂቃው ሲግናልህ ስንት ነው ብላ የምትጠይቅና ራውተሩን የምታስተካክል ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ በህይወቴ ከጻፍኩት ኮድ ሁሉ እሷን ነው የምወዳት።

ሳተላይት ግን እንዲሁ መከራ ብቻ አይደለም። እዚህ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ፕላዝማ ተምራችኋል አይደል? ያ በሳተላይት ነበር የሚመጣው። አንድ ትምህርት ለአንድ ትምህርት ቤት ተላከም ለሺ ተላከም የሚፈጀው ባንድዊድዝ ያው ነው፣ ከላይ ሲዘንብ ሁሉም ጣሪያ ይረጥባል። ጉዱ ምን ነበር፣ መብራት ከጠፋ ያ ክፍል አለፈህ፣ ፕላዝማው አስተማሪ አይጠብቅህም፣ "አልገባኝም" የምትልበት አፕሎድ የለህም። ሰው ይሄን የትምህርት ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያነሳው፣ ለእኔ ግን ትልቅ የኔትወርክ ትምህርት ነው፣ ሁሉም የሚፈልገውን ነገር ሃያ ሁለት ጊዜ አታውርዱ። አፕዴቱን አንዴ ሌሊት አውርዳችሁ ቢሮ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከዛ በኬብል ይከፋፈል።

ስለ ክምችት በጣም የምወደው ምሳሌ ደቡብ ዋልታ ነው። እዛ አይስኪዩብ የሚባል፣ ኒውትሪኖ የሚባሉ ከህዋ የሚመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚፈልግ፣ በረዶ ውስጥ የተቀበሩ 5,160 ሴንሰሮች ያሉት ማዕከል አለ። ዋልታው ላይ ቆመህ ከምድር ወገብ በላይ ያሉት መደበኛ ሳተላይቶች አይታዩህም፣ ከአድማስ በታች ናቸው፣ የሚታዩት አርጅተው ምህዋራቸው የተንጋደደ ጥቂቶች ናቸው፣ እነሱም በቀን ለተወሰነ ሰዓት። መረጃው በቀን 1 ቴራባይት ገደማ ነው፣ በሳተላይት የሚወጣው 100 ጊጋባይት ገደማ። ታዲያ ምን አደረጉ? ባንድዊድዝ አልጠበቁም፣ እዛው ዋልታው ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች የሚያስፈልገውን ይመርጣሉ፣ የተመረጠው በሳተላይት ይሄዳል፣ ሌላው በዲስክ ተቀምጦ በጋ ሲሆን በአውሮፕላን ይወጣል። ማለትም የዓለም ምርጥ ፊዚሲስቶች እንኳ አንዳንዱን ዳታ በሻንጣ ነው የሚልኩት። እኛም የሎጂስቲክሷን ፎቶዎች በመጨረሻ በፍላሽ አድርገን በሳምንታዊው በረራ ነው የላክናቸው፣ ከኢሜይሉ ቀድሞ ደረሰ ብል ማጋነን አይሆንም።

ስታርሊንክ መጥቶ የለ እንዴ ትላላችሁ። መጥቷል፣ 500 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ያ ግማሽ ሰከንድ ጠፍቷል፣ ትልቅ ነገር ነው። መጋራቱ ግን አልጠፋም። ኖቬምበር 2024 ላይ ናይሮቢና ዙሪያዋ ሞልቷል ተብሎ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቁመው ነበር፣ አንድ አካባቢ ላይ የሚወርደው ጨረር ልክ አለው፣ ሰው በበዛበት ቦታ ያው ቦኖ ነው።

ጥያቄ ነበር፣ አንዷ ልጅ ከመሃል ተነስታ "ታዲያ እዛ ቢሮ ማን ይቅደም የሚለውን አንተ ብቻህን ነው የወሰንከው?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ አዎ፣ ብቻዬን። የስራ ኢሜይል አንደኛ፣ ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ኢሜይል ሌሊት 8 ሰዓት፣ ፌስቡክና ኢሞ ዝግ። ወረፋው ጸዳ፣ የተሰለፈው ኢሜይል ሁሉ በአንድ ቀን ወጣ፣ አለቃዬ አመሰገነኝ።

ከዛ በሳምንቱ የማታው ጥበቃ መጣና "ጋሼ ኢንተርኔቱን አንተ ነህ አሉ የምትከፍተው" አለኝ፣ በዕድሜ አባቴ ነው እኮ፣ ጋሼ ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ። ልጁ ጅዳ ሰው ቤት ትሰራለች፣ አርብ አርብ ማታ በኢሞ ነው የምትደውልለት፣ ሁለት አርብ አልፏል። ድምፅ ብቻ ከሆነ 30 ኪሎቢት ይበቃዋል፣ እኔ የዘጋሁት ማታ ቢሮው ባዶ ሆኖ 256ቱም እንዲሁ በሚፈስበት ሰዓት ነበር። በዛው ቀን ከማታ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ለሁሉም ከፈትኩት፣ አርብ ማታ ግራፉ ላይ ከ30 ትንሽ ከፍ ያለች ቀጥ ያለች መስመር ለአርባ ደቂቃ ስትሄድ አየሁ።